ዘጠና ዘጠኝ

ከኮቺ አስፋልት ወረድ፣ ከጣውላ መሰንጠቂያው በታች፣
አንዲት ሰማያዊ በር ሦስቴ ተዘግታ ጠበቀች።
ጠዋት አንኳኳሁ፣ አውራ ዶሮ መለሰልኝ፤
ማታ አንኳኳሁ፣ ውሻ እስከ አስፋልት ሸኘኝ፤
እሑድ አንኳኳሁ፣ ጎረቤቲቱ ባጥር ብቅ አለችና፣
«ተማምን የምታገኚው ባጃጇ ስትቆም ነው፤ እሷም አትቆምምና!»

መመሪያው አጭር ነው፤ ባይሳ፣ ተቆጣጣሪያችን፣ ደጋግሞ ያነበዋል፦
«ሦስት ጊዜ ሂዱ፤ ካጣችሁ ዘጠና ዘጠኝ ጻፉ፣ ይበቃል።»
ዘጠና ዘጠኝ ማለት፣ ሰው አለ ግን አልተገኘም፤
ክንዱ አልተለካም፣ ሽንቱ አልታየም፣
የቤቱ ቁጥር እንጂ እሱ ከመዝገብ አልገባም።

ዙለይካ ግን በመጀመሪያው ቀን ከፈተችልኝ።
«ዕጣ ወጣልኝ? ፍሪጅ ነው?» አለች፣ ሳቋ አጥሩን እስኪሻገር፤
ብልቃጥ ሳቀብላት ሳቋ ተገታ ከበር።
«እኔን ምን ነካኝና?»
«ምንም። የታመመውንማ ሆስፒታሉ ያውቀዋል፤
እኔ የምፈልገው ደህና ነኝ ባዩን ነው።»

ቀጭኗን ወረቀት ነከርኩ፣ ሰዓቴን አየሁ፣ ጠበቅን።
ቢጫው ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ፤ ዝም አልን።
«አላመመኝም እኮ!»
«አያምም። ጥርስ ነው ሌሊት ሰፈር የሚቀሰቅሰው፤
ኩላሊት ግማሹ ሲሞት ግማሹ ተሸክሞ ያድራል፣
እንደ አንዳንድ ሚስት፣ ችሎ።»
ጎረቤቷ ከወንበሯ ሳትነሳ፣
«ልብና ኩላሊት መርማሪው አንድ ነው» አለች።
«እሱስ ያውቃል፤ የማናውቀው እኛ ነን» አልኳት።

አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነበር፣
ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ምስማር።
እግሩ ሲያብጥ «ቆሜ ስለምውል ነው» አለ፤
ፊቱ ሲያብጥ በእንቅልፍ አሳበበ፣ ጠረባውን ቀጠለ፤
ወገቡን ሲያመው ከሱቅ ቀይ ክኒን ገዛ፣ በየቀኑ ዋጠ።
የነገሩን ጊዜ ቃሉ «እጥበት» ነበር፣ በሳምንት ሁለቴ።
አዌቱ ዳር ነው ያደግኩት፤
የማውቀው እጥበት የልብስ ነው፣ የመኪና ነው።
የደም እጥበት ግን መጀመሪያ በሬውን ወሰደ፣
ቀጥሎ መሬቱን፣ ቀጥሎ የጓዳውን ቆርቆሮ፣
በመጨረሻም እሱን።

ከቀብሩ ማግስት፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣
አንዲት ጎረቤታችን ነገር አነሳች እንደ ዋዛ፦
«ያኔ ነጭ የለበሱ ልጆች መጥተው አልነበር?
ግፊትና ሽንት እያዩ? ሦስቴ አንኳኩ በናንተ በር።
አባትሽ ጫካ ነበር፤ ግንድ ሊያመጣ።»
እንግዲህ የሆነ ቦታ፣ በሆነ ኮምፒውተር ውስጥ፣
አባቴ ዘጠና ዘጠኝ ነው።

ጥናቱ ሲታተም ዙለይካ ስም የላትም፤
ከመቶኛው ቀጥላ ያለች አንዲት ነጥብ ብትሆን ነው።
ግን በነጥብ ነው የጤና ጣቢያው መደርደሪያ የሚከራከረው፦
የግፊት ክኒን ስንት ይግባ? የትኛው ቀበሌ ይቅደም?
ያልተቆጠረ ሰው
ክኒን አይታዘዝለትም።

ማክሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጭጋጉ ከቦዬ ሳይነሳ፣
አራተኛዬን ሄድኩ። መመሪያ ውስጥ የለም፣ አበልም የለው።
ሰማያዊዋ በር ገርበብ ብላለች፤
ተማም በባልዲ ውሃ ባጃጁን ያጥባል።
«ወገቤን ብቻ ነው» አለ ሳልጠይቀው፤
ከመሪው አጠገብ የክኒን እሽግ አየሁ፣ ግማሹ የተበላ፣
ያው ቀዩ።
እጁን በሱሪው አደራርቆ እጅጌውን ሰበሰበ።
ጨርቁን ጠመጠምኩ፣ ነፋሁ፣ አዳመጥኩ።
ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ የሱ ነው።

ቅጹ ላይ ግን ባይሳ በእርሳስ ቀድሞ የሞላው ዘጠና ዘጠኝ ነበር።
በላጲስ አጠፋሁት።
ጠፍቶም ቢሆን ደገምኩት፣
ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ።